ሐረግ ጽጌረዳ በጓሮአችን፤ ስለ አተካከሉና ስለ አያያዙ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በወላይታ ሶዶ የተሰጠ ንግግር)




የማኅበራችን ሥራ አመራር ኮሚቴ በዚህ ጉባኤ ላይ አንድ ንግግር እንዳሰማ በጠየቀኝ ጊዜ፣ ስለ ምን ጉዳይ ብናገር እንደሚሻል ለብዙ ቀናት ሳወጣና ሳወርድ ቆይቻለሁ። ስለ እንሰት፣ ስለ በቆሎና ስለ አፈር ጥበቃ ለመናገር ከእኔ ይልቅ የበቁ ባልደረቦች በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። ስለዚህም በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደ ትርፍ ነገር ሲቆጠር ስላየሁት፣ እኔም ራሴ በወጣትነቴ እንደ ትርፍ ስለ ቆጠርሁት አንድ ተክል ለመናገር ወሰንሁ፤ ይኸውም ሐረግ ጽጌረዳ ነው።

አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ «መሬት በጠበበበት በወላይታ፣ አንድ ጋት አፈር አንድ ጉርሻ በሚያወጣበት አገር፣ ስለ አበባ ማውራት ቅንጦት አይደለምን?» ብላችሁ እንደምትጠይቁ አልጠራጠርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የወላይታ ገጠር በአገራችን የሕዝብ ብዛት ከተጨናነቀባቸው አካባቢዎች አንዱ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ብዙው ቤተሰብ የሚኖረው ከአንድ ሄክታር እጅግ ባነሰ ይዞታ ላይ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የምሰጠው ግን በክርክር ሳይሆን፣ በመጀመሪያ ከራሴ ሕይወት አንድ ጥፋት በመተረክ ይሆናል።

በ1972 ዓ.ም. ገና ከትምህርት ቤት የወጣሁ ወጣት የግብርና ሠራተኛ ሳለሁ፣ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ወደሚገኝ አንድ ቀበሌ ተመድቤ ነበር። በዚያም አንዲት ባለቤታቸው የሞቱባቸው እናት ነበሩ። የቤታቸው ዙሪያ፣ ወላይታ «ዳርኩዋ» የሚለው ለቤት የቀረበ ለም መሬት፣ በእንሰት፣ በጎደሬና በቡና የተሞላ ነበር። ወደ መንገዱ ባለው ወገን በቁመት ከሰው የሚበልጥ፣ እርስ በርሱ የተቆላለፈ የቀጋ አጥር ነበራቸው። እኔም በያዝሁት ማስታወሻ ደብተር ላይ የአጥሩን ስፋት በእርምጃ ለክቼ ከጻፍሁ በኋላ፣ «እማማ፣ ይህ ቁጥቋጦ መሬት ይዞብዎታል፤ የአይጥ መደበቂያም ነው፤ ይነቀልና በቦታው በቆሎ ይዝሩበት» አልኋቸው። እማማ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው አጥሩን ተመለከቱ። ከዚያም የመንግሥት ሠራተኛ የተናገረውን መመለስ ነውር ሆኖባቸው፣ ወንዶች ልጆቻቸውን ጠርተው አስነቀሉት።

በቆሎው በቀለ፤ ታጨደም። በጋው ሲገባ ግን ሣር ያለቀበት የመንደሩ ከብት አጥር በሌለው ወገን ገብቶ በዓመቱ የተዛወረውን የእንሰት ችግኝ ጨረሰው። እንሰት በየጊዜው እየተነቀለ የሚዛወር፣ ለምግብ ለመድረስም ብዙ ዓመታት የሚፈልግ ተክል ነው። በ1973 ዓ.ም. የጠፋው ችግኝ ይደርስ የነበረው አገሪቱን ረኃብ በመታት፣ ወላይታም የችግሩ ተካፋይ በሆነችበት በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. አካባቢ ነበር። የእማማ ቤት ከዚያ ዘመን እንዴት እንደ ወጣ በዝርዝር አልናገርም፤ ሁሉም ግን አልወጡም። ከዓመታት በኋላ ባገኘኋቸው ጊዜ አልወቀሱኝም። ያሉኝ ይህን ብቻ ነው፦ «ልጄ፣ አንተ መሬቱን ለካህ፤ እሾሁን ግን አልለካኸውም።»

እነሆ ይህን ቃል ተሸክሜ ከአርባ ዓመት በላይ ኖሬአለሁ። ዛሬ ስለ ሐረግ ጽጌረዳ የምናገረውም ስለ ውበቱ ብቻ ብዬ አይደለም። አንድ ተክል በአንድ ጓሮ ውስጥ ስንት ሥራ እንደሚሠራ ሳያውቁ «ንቀሉ» ወይም «ትከሉ» ማለት የሚያስከትለውን በደል ስለማውቅ ነው።

ስለ ተክሉ ጠባይ

ሐረግ ጽጌረዳ ብለን በልማድ ብንጠራውም፣ በእውነቱ እንደ ባቄላ ሐረግ ወይም እንደ ወይን አይጠመጠምም። የሚይዝበት ጅማት የለውም። ያለው ረዣዥም ዘንግና ወደ ታች የቆለመመ እሾህ ነው። ዘንጉ በዛፍ ወይም በቁጥቋጦ መካከል ሽቅብ ያድግና በእሾሁ እየተንጠለጠለ ወደ ብርሃን ይወጣል። ስለሆነም በጓሮአችን በግድግዳ ላይ እንዲወጣ ስንፈልግ ራሱ እንዲይዝ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ የምናስረው እኛ ነን።

ከዚህ ጠባይ ጋር ለመተዋወቅ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ቀጋ የራሳችን ጽጌረዳ ነውና። ከሰሐራ በስተደቡብ ባለው አፍሪቃ በተፈጥሮ የሚበቅል የጽጌረዳ ዝርያ እርሱ ብቻ ነው፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮም በየመንና በሳዑዲ ዓረቢያ ተራሮች ይገኛል። በእንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ በጆን ሊንድሊ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1820 በታተመ የጽጌረዳዎች ጥናት ውስጥ ሲገለጽ፣ ሳይንሳዊ ስሙ «ሮዛ አቢሲኒካ» ተብሏል። በደጋና በወይና ደጋ፣ በጫካ ዳርና በወንዝ አፋፍ ይበቅላል። አበባው ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ክሬም መልክ ሆኖ በዘለላ ይወጣል፤ መዓዛውም የታወቀ ነው። ብርቱካናማ ቀይ ፍሬውን እረኞችና ሕፃናት ይበሉታል። የጽጌረዳ ወገን ፍሬ በጠቅላላው በቫይታሚን ሲ የበለጸገ ስለሆነ፣ ሕፃናቱ ሳያውቁት የሚጠቅማቸውን ነገር ይለቅማሉ ማለት ነው።

በከተማ ግቢ ውስጥ የምናያቸው ቀይ፣ ሮዝና ቢጫ ሐረግ ጽጌረዳዎች ግን በልዩ ልዩ አገር ዝርያዎች መዳቀል የተገኙ ናቸው። ከነዚህ መካከል ዋነኛው ነገር ከቻይና የመጣው ነው። የጥንቶቹ የአውሮፓ ጽጌረዳዎች አብዛኞቹ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ሲያብቡ፣ የቻይናዎቹ ግን ደጋግመው ያብቡ ነበር። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ማለቂያና በአሥራ ዘጠነኛው መጀመሪያ የቻይናዎቹ ወደ አውሮፓ ከገቡ በኋላ ሁለቱ ወገኖች ተዳቅለው የዛሬዎቹን ደጋግመው የሚያብቡ ዓይነቶች አስገኙ። ለምሳሌ ያህል እ.ኤ.አ. በ1930 ለገበያ የቀረበውና ፈዛዛ ሮዝ አበባ ያለው «ኒው ዶውን» የተባለው ሐረግ ጽጌረዳ፣ በዩናይትድ ስቴትስ ለዕፅዋት የተሰጠውን የመጀመሪያውን የባለቤትነት መብት ያገኘ ነው።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በዓመት አንድ ጊዜ የሚያብቡት የሰሜን አገር ዓይነቶች ብዙዎቹ የክረምት ብርድ ካላገኙ በሚገባ አያብቡም። ሶዶ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ7 ዲግሪ ግድም ላይ የምትገኝ፣ በረዶ የማታውቅ ከተማ ናት። ስለዚህ ለእኛ ጓሮ የሚመረጠው ደጋግሞ የሚያብበው ወገን ነው። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ በጎረቤት ግቢ ውስጥ በዓይናችን ያየነውንና ለአካባቢው የተስማማውን መምረጥ ነው።

ስለ ቦታ አመራረጥ

ጽጌረዳ በቀን ቢያንስ አምስት ወይም ስድስት ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል። በእንሰት ወይም በአቮካዶ ጥላ ሥር የተተከለ ጽጌረዳ ዘንጉ ይቀጥናል፤ ቅጠሉ ይሳሳል፤ አበባ ግን አይሰጥም። ከግድግዳዎች ሁሉ ወደ ምሥራቅ የዞረው ይመረጣል። በክረምት ዝናቡ በአብዛኛው ከሰዓት በኋላና ሌሊት ስለሚጥል፣ የጠዋት ፀሐይ ቅጠሉን ቶሎ ታደርቅለታለች። ይህ ከበሽታ ለመጠበቅ ያለው ዋጋ ከመድኃኒት ይበልጣል።

ሁለተኛው ነገር ጠፈጠፍ ነው። ብዙ ሰዎች ተክሉ ወደ ግድግዳው እንዲጠጋ በማሰብ ከግድግዳው ሥር ይተክሉታል። በቆርቆሮ ክፈፍ ሥር ያለው አፈር በበጋ ደረቅ ነው፤ በክረምት ደግሞ ከጣራው የሚወርደው ውኃ ሥሩን ይገልጠዋል። ስለዚህ ከጠፈጠፉ መስመር ወደ ውጭ አንድ ክንድ ያህል አርቆ መትከልና ዘንጉን ወደ ግድግዳው ማዘንበል ይገባል። ግድግዳው የጭቃ ከሆነ ተክሉ በቀጥታ እንዳይነካው ያስፈልጋል፤ ርጥበት ይዞ ምርጉን ያረግፈዋልና። ግድግዳው የብሎኬት ከሆነም ሙቀቱ ቅጠሉን እንዳይጠብሰው በመካከል ነፋስ የሚያልፍበት ቢያንስ የአንድ ስንዝር ክፍተት ይተዋል።

መሬት ለጠበበው ሰው ይህ ተክል የሚስማማበት ምክንያትም እዚህ ላይ ይታያል። ሥሩ የሚይዘው መሬት አንድ ክንድ በአንድ ክንድ ነው። የቀረውን ሁሉ የሚይዘው በአየር ላይ፣ በአጥርና በግድግዳ፣ ማለትም ማንም እህል በማይዘራበት ቦታ ላይ ነው።

ስለ ጉድጓዱና ስለ አፈሩ

የወላይታ ቀይ አፈር ጥልቅ ነው፤ ለመቆፈርም አያስቸግርም። ሁለት ችግሮች ግን አሉበት። አንደኛው በብዙ ቦታ አሲዳማ መሆኑና ፎስፎረስን አስሮ መያዙ ነው። ሁለተኛው በዶማ ተቆፍሮ ጎኑ የለሰለሰ ጉድጓድ በክረምት እንደ እንስራ ውኃ የሚያቁር መሆኑ ነው። ሥሩ በዚያ ውስጥ ይታፈንና ይበሰብሳል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ያየ ሰው «ውኃ ጠማው» ብሎ ይጨምርበታል፤ በዚሁም ይሞታል።

ስለዚህ ጉድጓዱ በጎንም ሆነ በጥልቀት ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የላይኛው ጥቁር አፈርና የታችኛው ቀይ አፈር ለየብቻ ይደረጉ። የጉድጓዱ ጎን በመቆፈሪያ ጫፍ ይጫር፤ ወለሉም ይኮትኮት። የላይኛው አፈር ከአንድ ሦስተኛ የበሰበሰ ፍግና ከጥቂት እፍኝ የምድጃ አመድ ጋር ተቀላቅሎ ይመለስበት። አመድ አሲዱን ያበርዳል፤ ፖታስየምም ይሰጣል። ትኩስ ፍግ ግን ሥር ስለሚያቃጥል ፈጽሞ አይጨመርም። መሬቱ ሜዳማ ከሆነ ተክሉ ከዙሪያው ጥቂት ከፍ ብሎ በጉብታ ላይ ይተከል።

የመትከያው ጊዜ ዝናቡ ሲጀምር ነው። እኛ ሁለት ዕድል አለን፤ አንዱ በበልግ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ሌላው በሰኔ መግቢያ ነው። ውኃ ለማጠጣት ለማይችል ሰው የበልጉ ይሻላል፤ ከበልግ ወደ ክረምት ስለሚሸጋገር ሥሩ ሳይቋረጥ ይሰዳል። ተክሉ የተዳቀለ ከሆነ የተዳቀለበት ቋጠሮ ከአፈር በላይ ይቆይ። ከቋጠሮው በታች የሚወጣ ቡቃያ የሥረ ግንዱ እንጂ የመረጥነው ጽጌረዳ ስላልሆነ ከመነሻው ይገንጠል።

ገዝቶ መትከል ለማይችል ሰው ከጎረቤት ቁራጭ መለመን በቂ ነው። አበባው የረገፈበት፣ እንደ እርሳስ የወፈረ፣ ያልጠነከረም ያልለመለመም ቅርንጫፍ ይመረጥ። ርዝመቱ አንድ ስንዝር ሆኖ ከታችኛው ዓይን ሥር ይቆረጥ። ሁለት ሦስተኛው በአሸዋማ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ጥላ ባለበት ይቀመጥ። በሰኔ የተቀበረው በነሐሴ ሥር ያበጃል። ከአሥሩ አምስቱ ቢይዝ ደግ ነው። እንዲህ ሆኖ የበቀለ ተክል በራሱ ሥር ስለሚቆም፣ ከብት ቢበላው እንኳ ያንኑ ዓይነት ያቆጠቁጣል።

ስለ መደገፊያውና ስለ ማሰሪያው

ሐረግ ጽጌረዳ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ከባድ ሸክም ይሆናል። በክረምት ዝናብ ሲርስና ነፋስ ሲያወዛውዘው ደካማ ምሰሶ ይጥላል። የባሕር ዛፍ እንጨት ቀጥ ያለና ርካሽ ቢሆንም ምስጥ ቶሎ ይበላዋል። ጥድ የተገኘ እንደሆነ ብዙ ዓመት ይቆያል። ምሰሶዎቹ በሁለት ወይም በሁለት ሜትር ተኩል ልዩነት ይተከሉ፤ በመካከላቸውም ሽቦ ወይም የተሰነጠቀ ቀርከሃ በአግድም፣ ከአርባ እስከ አርባ አምስት ሳንቲ ሜትር በሆነ ልዩነት ይዘርጋ።

ለማሰሪያ ከሁሉ የሚበልጠው በእጃችን ያለው የእንሰት ቃጫ ነው። ለስላሳ ነው፤ ጠንካራም ነው፤ ዓመት ቆይቶ በራሱ ይበሰብሳል። እኔ በመጀመሪያው የከተማ ግቢዬ ውስጥ «ይጠነክራል» ብዬ ጽጌረዳዬን በሽቦ አስሬው ነበር። ዘንጉ ሲወፍር ሽቦው ሥጋው ውስጥ ገብቶ አነቀውና በሦስተኛው ዓመት ምርጡ ዘንግ ከማሰሪያው በላይ ደረቀ። ማሰሪያው ከሚታሰረው ቀድሞ መሞት እንዳለበት ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ቃጫው በዘንጉና በሽቦው መካከል በስምንት ቁጥር ቅርጽ ይጠላለፍ፤ በዘንጉ በኩል አንድ ጣት የሚያስገባ ልቅነት ይተው።

ስለ ማጎንበስ

አሁን ወደ ዋናው ምሥጢር ደርሻለሁ። ሐረግ ጽጌረዳን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ያሰረ ሰው አበባውን የሚያየው በጣራው ጫፍ ላይ ነው፤ ከታች የሚቀረው እሾሃማ ዘንግ ብቻ ነው። ምክንያቱ የታወቀ ነው። የዘንጉ ጫፍ ኦክሲን የተባለ ንጥረ ነገር ያመነጫል። ይህም ወደ ታች እየወረደ በየጎኑ ያሉትን ዓይኖች እንዳያቆጠቁጡ ያግዳቸዋል። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1880 በጻፈው ስለ ዕፅዋት እንቅስቃሴ ባወሳ መጽሐፍ ከቡቃያ ጫፍ ወደ ታች የሚተላለፍ አንዳች ኃይል መኖሩን አመልክቶ ነበር። ሆላንዳዊው ፍሪትስ ዌንት በበኩሉ በ1920ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) በሙከራ አረጋገጠው።

ዘንጉን ወደ ጎን አጎንብሰን በአግድም ስናስረው ጫፉ በሌሎቹ ላይ የነበረውን የበላይነት ያጣል። ያን ጊዜ በርዝመቱ ሁሉ ላይ ያሉት ዓይኖች እያንዳንዳቸው አጭር ቅርንጫፍ ያወጣሉ። አበባ የሚይዙትም እነዚህ አጫጭር የጎን ቅርንጫፎች ናቸው። አንድ ዘንግ ቀጥ ብሎ ሲቆም አንድ ዘለላ ከሰጠ፣ ጎንበስ ሲል በየዓይኑ ይሰጣል ማለት ነው።

የማጎንበሱ ሥራ የሚከናወነው ዘንጉ ገና ለስላሳ ሳለ ነው። ከአንድ ዓመት ያለፈው ይሰበራል። በአንድ ቀንም አይጨረስም። በመጀመሪያው ሳምንት ጥቂት፣ በሁለተኛው ጥቂት እየተባለ እንደ ማራገቢያ በሁለቱም ወገን ይዘረጋል። ከምሰሶ ጋር ብቻ የሚታሰር ከሆነ ደግሞ በምሰሶው ዙሪያ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ መጠማዘዙም እንደ ማጎንበስ ያገለግላል።

ስለ መግረዝና ስለ ዘመኑ

ከጥፋቶቼ ሦስተኛውን እዚህ ላይ ልናገር። በውጭ አገር የታተመ አንድ መጽሐፍ አንብቤ ጽጌረዳዬን በየዓመቱ እስከ ጉልበት ድረስ እቆርጠው ነበር። ለቁጥቋጦ ጽጌረዳ የተጻፈውን ለሐረጉ አደረግሁት። ተክሉም በየዓመቱ አዲስ ዘንግ ሲያወጣ፣ እኔም ስቆርጥ፣ አራት ዓመት ሙሉ አበባ ሳናይ ኖርን። ሐረግ ጽጌረዳ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከደረቀና ከተሰበረ በቀር አይገረዝም። ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ከአራት እስከ ስድስት የሚሆኑ ጠንካራ ዘንጎች ተመርጠው ይቀራሉ፤ የጎን ቅርንጫፎቻቸው ከሁለት ወይም ከሦስት ዓይን በላይ ይቆረጣሉ። በየዓመቱም አንድ ያረጀ ዘንግ ከሥሩ ወጥቶ አዲስ ዘንግ ይተካዋል። በዚህ ዓይነት ተክሉ ሳይሞት ይታደሳል።

መቼ ይገረዝ? የሰሜን አገር መጻሕፍት «ክረምቱ ሲያልፍ» ይላሉ፤ በዚያ ያለው ክረምት ግን ብርድና በረዶ ነው። በሶዶ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ነው፤ ተክሉን የሚያሳርፈው የበጋው ድርቅ እንጂ ብርድ አይደለም። ስለሆነም ዋናው ግርዘት ከጥር ማለቂያ እስከ የካቲት አጋማሽ፣ የበልጉ ዝናብ ሳይገባ ይከናወን። ከግርዘቱ በኋላ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ የመጀመሪያው አበባ ይወጣል። የጠወለገው አበባ ከሥሩ ካለው ቅጠል በላይ በየጊዜው ይቀንጠስ፤ ፍሬ እንዲይዝ ከተተወ ሌላ አበባ ለማውጣት ይዘገያል።

በነሐሴ ማለቂያ ደግሞ ቀለል ያለ ጽዳት ይደረግ። ይህም ሁለተኛውን አበባ በጥቅምት ያስገኛል። አባቶች ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን ወራት ዘመነ ጽጌ ብለው መሰየማቸው የአገራችን ምድር በዚያ ጊዜ አበባ የምታወጣ በመሆንዋ ነው። የእኛም ጽጌረዳ ከዚህ አገራዊ ዘመን ጋር እንዲስማማ ማድረግ የሚቻለው ከባሕር ማዶ የወጣ የቀን መቁጠሪያ ተከትለን ሳይሆን፣ የራሳችንን ዝናብ ተመልክተን ስንገርዝ ነው።

ስለ በሽታና ስለ መሣሪያ ንጽሕና

በእኛ አገር ጽጌረዳን በክረምት የሚያጠቃው ዋናው በሽታ በቅጠሉ ላይ የሚታየው ጥቁር ነጠብጣብ ነው። የሻጋታው ዘር ለመብቀል ቅጠሉ ለሰባት ሰዓት ያህል ርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ስለዚህ ውኃ በሥር እንጂ በቅጠል ላይ አይጠጣም፤ ማታም አይጠጣም። የረገፈው ቅጠል ተለቅሞ ይቃጠል ወይም ይቀበር። በበጋ ደግሞ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ሻጋታ በለጋው ቅጠል ላይ ይወጣል። ይህንንም ነፋስ እንዲገባ በመግረዝ መቀነስ ይቻላል። በእምቡጡ ላይ የሚሰፍረውን ክሽክሽ በጣት መጥረግ ወይም በቀጭን የሳሙና ውኃ ማጠብ ይበቃል።

ከሁሉ በላይ የማሳስበው ስለ መሣሪያ ነው። የእንሰት አጠውልግ በሽታ በአገራችን መኖሩ በሳይንስ ከተዘገበበት ከ1968 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንደምናውቀው፣ በሽታው ከተክል ወደ ተክል የሚዛመትበት አንዱ መንገድ ያልጸዳ ቢላዋ ነው። ጽጌረዳን የሚገርዝ ሰው እንሰት በተቆረጠበት ቢላዋ አይገርዝ፤ በጽጌረዳ መቀስም እንሰት አይንካ። ጽጌረዳው በአጠውልግ ባይያዝም፣ ቢላዋው ከጓሮ ወደ ጓሮ ይዞራልና። መሣሪያውን በእሳት ማለብለብ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ለአበባ ብለን የምግባችንን መሠረት አደጋ ላይ የጣልን እንደሆነ፣ በመግቢያዬ ላይ የጠቀስሁት ጠያቂ ትክክለኛ ሆነ ማለት ነው።

ስለ መደምደሚያው

ክቡራትና ክቡራን፤

ዛሬ ኢትዮጵያ በአፍሪቃ ከኬንያ ቀጥላ ጽጌረዳ ወደ ውጭ የምትልክ አገር ሆናለች። ይህ የሚያስደስት ነገር ነው። ሶዶም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ካሉት ዋና ዋና ከተሞች አንዷ ሆና በመስፋት ላይ ትገኛለች፤ የቀጋ አጥር የነበረበት ሁሉ የብሎኬት አጥር እየሆነ ነው። ይህንንም መቃወም አይቻልም። ነገር ግን በራሳችን ተራራ ላይ የበቀለውን ጽጌረዳ «ቁጥቋጦ» እያልን ነቅለን፣ የሌላውን «አበባ» እያልን ብንተክል፣ ሁለቱም አንድ ወገን መሆናቸውን ለልጆቻችን የሚነግራቸው አይኖርም።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት የማቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዳችን በግቢያችን አጥር ላይ አንድ ሐረግ ጽጌረዳ ተክለን፣ በሦስተኛው ዓመት ከተገረዘው ቁራጭ ለሦስት ጎረቤት እናድል። ሁለተኛ፣ በገጠር በምንሠራበት ሁሉ ቀጋን በአጥርነቱ እንዲቆይ፣ በሌለበትም ፍሬው እየተለቀመ እንዲፈላ እንምከር። ሦስተኛ፣ «ይህን ንቀሉ» ከማለታችን በፊት «ይህ እዚህ ለምን ተተከለ?» ብለን የቤቱን እናት እንጠይቅ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደዚያ ወደ ዳሞታ ግርጌ ተመልሼ ነበር። እማማ ካረፉ ቆይተዋል። በዳርኩዋው ጥግ፣ እኛ ሳንነቅለው ከቀረ አንድ የሥር ቁራጭ የተነሣ የቀጋ ዘንግ በእንሰቱ ጫፍ ላይ ወጥቶ አብቦ አየሁ። የልጃቸው ሚስት ስለ እኔ የሚያውቁት ነገር አልነበረምና «አያታችን ይህን እንዳትነኩ ብለው ነው የሞቱት» አሉኝ። እኔም ፈቃዳቸውን ጠይቄ፣ ዘንጉን በእንሰት ቃጫ ወደ አጥሩ አጎንብሼ አሰርሁላቸው። መሬቱን አልለካሁም።